የሀብተሚካኤል ልጆች በዋትሊንግ ቤት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሮማ ሐበሻ ሠራተኞች የሚወጡበት ሰዓት ነው። ሳህኑ ታጥቦ፣ ሽርጡ ተሰቅሎ፣ ጫማው ተቀይሮ፣ ከያለበት ቤት በአውቶቡስ ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይጎርፋሉ። ከሐሙስና ከእሑድ በቀር የራሳቸው የሚሉት ቀን ስለሌላቸው፣ እያተኮሳቸው እንኳ ቢሆን ሐሙስን አያሳልፉትም። የሻረግ ሀብተሚካኤልም በአሥራ ሦስት ዓመት የሮማ ኑሮዋ አንድ ሐሙስ ቀርታ አታውቅም። በ1971 ዓ.ም.፣ ግንቦት ውስጥ በዋለ አንድ ሐሙስ ግን፣ ሹራቧን ደርባ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከበሩ ከደረሰች በኋላ ተመለሰች።

የመለሳት ከሳሎኑ የመጣ ሳቅ ነበር። የሳቁት አሠሪዋ ሲኞራ ኮርኔሊያ ዋትሊንግ ናቸው፤ የሰማንያ አንድ ዓመት አሜሪካዊት፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሮማ ቀርተው ያረጁ፣ ከዓይናቸው ጭላንጭል ብቻ የተረፋቸው። የሻረግ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አጥባቸዋለች፣ አልብሳቸዋለች፣ ፀጉራቸውን አበጥራላቸዋለች። ፈገግታቸውን አሳምራ ታውቃለች፤ ከንፈራቸው በስተግራ በኩል ብቻ ከፍ ይላል። እንዲህ ከደረት የሚወጣ ሳቃቸውን ግን ሰምታው አታውቅም። ያሳቀቻቸው ደግሞ ጽጌረዳ ናት፤ የሻረግ ራሷ እጇን ይዛ ወደዚህ ቤት ያመጣቻት ልጅ።

ቦርሳዋን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጣለችና ሽርጧን መልሳ ታጠቀች። ከዚያ ትናንት የወለወለቻቸውን የብር ማንኪያዎች ሁሉ ከኮሪዶሩ መሳቢያ አውጥታ እንደገና ትወለውል ጀመር። መሳቢያው ለሳሎኑ በር ቅርብ ነው።

ማንኪያዎቹ የዋትሊንጎች ናቸው። ዋትሊንጎች ከአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ቤተሰቦች አንዱ ነበሩ፤ ቬርጂኒያ በሚባለው አገር፣ በወንዝ ዳር፣ ዋትሊንግ ሂል የሚባል ርስት ነበራቸው። አገሩ ገና በእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ሳለ መሬቱን የተመሩትን ሰውዬ፣ በነጻነቱ ጦርነት ፈረሶቻቸውን በሙሉ የሰጡትን ኮሎኔል ጆሳያን፣ ከልጅ ልጆቻቸው ሴናተር የሆነውንና ጠጥቶ ከጀልባ የወደቀውን፣ የሻረግ ሁሉንም በየስማቸው ታውቃቸዋለች። ሲኞራ ዓይናቸው ደህና በነበረበት ጊዜ ከምሳ በኋላ እየተቀመጡ በጣሊያንኛ ያወጉላት ነበር። የኮሎኔሉ ሥዕል ሳሎን ተሰቅሏል። በየቅዳሜው አቧራውን ስትጠርግ ሰው ከሌለ «እንደምን ሰነበቱ ኮሎኔል» ትላቸዋለች።

ሐሙስ ሐሙስ ተርሚኒ አጠገብ፣ ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ከጓደኞቿ ጋር ስትቀመጥ ወሬዋ ይኸው ነበር። ሌሎቹ ስለ ቀበሌ፣ ስለ ታሰረ ወንድም፣ ከአገር ስለመጣ ደብዳቤ ሲያወሩ አንገቷን ደፍታ ትሰማና፣ ጨዋታው ትንሽ ቀለል ሲል «ቤታችን እኮ አሥራ ስምንት ክፍል አለው» ትላለች።

«ቤታችን?» ትላታለች የአስመራዋ ኣስገደት፣ ከሁሉም ይልቅ ምላሷ የሰላው። «የሻረግ ዋትሊንግ! ደርግ ሳይወርሰው ሄደሽ እዪዋ ርስትሽን!»

«ደርግ አሜሪካ አይደርስም።»

«አሎራ፣ እንግዲያው አንቺም አትደርሺም።»

ይሳሳቃሉ፤ የሻረግም አብራ ትስቃለች። ግን ቃሉን አትተወውም። እሷ የራሴ የምትለው መሬት አይታ አታውቅም። ደብረ ታቦር አጠገብ ከአንድ ገበሬ ተወልዳ፣ አባቷ በሞቱ በዓመቱ አጎቶቿ መሬቱን ተካፍለው እሷንና እናቷን ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው። አዲስ አበባ መጥታ ካዛንቺስ ከአንድ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ቤት ገባች። ቤተሰቡ በ1958 ወደ አገሩ ሲመለስ ተከትላው መጣች፤ ዓመት ሳይሞላ ወደ ቶሪኖ ሲሄድ ደግሞ «እዚያ ብርዱ ይገድለኛል» ብላ ሮማ ቀረች። ከሲኞራ ቤት የገባች ያኔ ነው። ሌላው ሰው ቢንቀውም፣ የዋትሊንጎች ታሪክ ሲነገራት ኖሮ የገዛ አባቶቿን ታሪክ ያህል የምታውቀው ሆነ። ሊወስድባት የሚችል አጎት የሌለበት ርስት ያ ብቻ ነበር።

ጽጌረዳን ያገኘቻት አምና ጥቅምት ላይ፣ እዚያው ቪያ ቮልቱርኖ፣ ከምግብ ቤቱ በር አጠገብ ፌስታል ታቅፋ ተቀምጣ ነው። ከካርቱም ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለች በቀይ ሽብሩ ወንድሟን ገድለው መንገድ ዳር ጥለውት አገኘችው፤ ቀጣይዋ እሷ ስለነበረች ሸሸች። ይህን ሁሉ ምስር ወጡን እየበላች፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ ነገረቻት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት የሻረግ።

«ሀብተሚካኤል። አባቴ ይርጋለም አስተማሪ ነው።»

«በይ የኔም አባት ሀብተሚካኤል ነው! ተነሽ፣ እንሂድ።»

ነገሩ እንዲህ በጨዋታ ተጀመረ። የሻረግ ጉልበቷ እያመማት ስለነበር የምትተኩስላትና መስኮት የምትወለውልላት ሰው እንደምትፈልግ ለሲኞራ ነግራቸው ነበር። በኋላ፣ የጽጌረዳ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለት ፔርሜሶዋ የወጣ ዕለት፣ ሲኞራ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው በማጉያ መነጽር ፊደል በፊደል አነበቡት።

«ሀ፣ ብ፣ ተ፣ ሚካኤል…» አሉና ቀና አሉ። «ይህ ያንቺም ስም አይደለም እንዴ የሻረግ? እህት እንዳለሽ አልነገርሽኝም እኮ!»

ለሲኞራ ስም ማለት ቤት ነው። ዋትሊንግ የሚባል ሁሉ አንድ ደም ነው፤ አንድ ደም የሆነ ሁሉ ዋትሊንግ ይባላል። በኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ብቻ እንደሆነ፣ ሀብተሚካኤል የሚባል ሰው በየደብሩ ሞልቶ እንደሚገኝ ማስረዳት ቀላል ነበር። የሻረግ ግን ልጅቷን አየቻት። ተረከዟ ገና እንደተሰነጣጠቀ ነው። እንግዳ ናት ብላ ብትናገር ሲኞራ ያስወጧት ይሆን ብላ ፈራችና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲኞራ ጽጌረዳን በጣሊያንኛ «ሶሬላ»፣ እህት፣ ይሏት ጀመር፤ «እህትሽን ጥሪልኝ» ይላሉ። የሻረግ መጀመሪያ ደስ አላት። ቆይቶ ግን ቃሉ ይቆረቁራት ጀመር።

የቆረቆራት የሲኞራ የወረቀት ሳጥን ከተከፈተ ወዲህ ነው። ሲኞራ ልጅ የላቸውም። ዋትሊንግ ሂልን እዚያው አገር ላለ የቅርስ ማኅበር ሰጥተውታል፤ ማኅበሩ ቤቱን አድሶ ለጎብኚ ሊከፍተው ነው። የቀረው ሮማ ያለው አንድ ሳጥን የቤተሰቡ ወረቀት ነበር። ሲኞራ ደግሞ እያንዳንዱን ሳልሰማው ለማኅበሩ አልልክም አሉ፤ ዓይናቸውም አይረዳቸውም። አንድ ቀን ጽጌረዳ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ጮክ ብላ ስታነብ ሰሟትና እንደ ሕፃን እጃቸውን አጨበጨቡ። በማግስቱ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የንባብ ጊዜ ሆነ።

«በሩን ዝጊው ሶሬላ፣ ኮሪዶሩ ይነፍሳል» ይላሉ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ኮሪዶሩ ነፍሶባቸው አያውቅም።

የሻረግ የገብስ ቡና ይዛ ስትገባ ንባቡ ይቆማል። ስትወጣ ይቀጥላል። አንድ ቀን ልክ አሥር ሰዓት ላይ ሳሎን ገብታ «አንሶላው አልተተኮሰም» አለች።

«አንሶላው ይቆያል» አሉ ሲኞራ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። ከንባቡ ስትወጣ በቀጥታ ወጥ ቤት መጥታ ሽንኩርት መላጥ ትጀምራለች፣ ወሬም ታመጣለች።

«እትዬ የሻረግ፣ የዋትሊንግ ሂል ወጥ ቤት ከትልቁ ቤት ተነጥሎ ነው አሉ የተሠራው። ምግቡን ሜዳ አቋርጠው የሚያመጡት ሰዎች እያፏጩ እንዲሄዱ ይታዘዙ ነበር። ለምን መሰለዎት? ሲያፏጩ አፋቸው አይጎርስማ!»

«አውቃለሁ» አለች የሻረግ። አታውቅም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ስለ ቤቱ ሲነገራት ስለዚያ መንገድ አንድም ቀን አልሰማችም። በዚያች ደቂቃ አጎቶቿ መሬቱን በገመድ ሲለኩ ቆማ ያየችበት ቀን ትዝ አላት። ሽንኩርቱን ከልጅቷ እጅ ነጠቀቻትና «እንዲህ አይከተፍም» አለቻት።

ይሁን እንጂ ክፉው ነገር የመጣው ማክሰኞ ነው፤ ያ ሐሙስ ከመድረሱ ሁለት ቀን አስቀድሞ። የሲኞራ ጠበቃ፣ አቮካቶ ካርሎ፣ ወረቀት ይዞ መጣ። የሻረግ ሰሃን ልታነሣ ስትገባ እየተናገረ ነበር።

«ይህን የሮማውን ቤት በመስከረም እናስረክባለን። የጃኒኮሎ ኮረብታ መነኮሳይት በአረጋውያን ቤታቸው ሁለት ክፍል ይሰጡዎታል፤ አንዱ ለርስዎ፣ አንዱ ለረዳትዎ። እመ ምኔቷ ማድሬ ሬጂና ግን ቁርጥ አድርገው ነግረውኛል። ረዳት አንዲት ብቻ።»

«አውቃለሁ» አሉ ሲኞራ። «ቆርጫለሁ። ስለዚህ ነው የጠራሁህ።» ከዚያ የሻረግን በኮቴዋ ለዩዋትና ዝም አሉ።

አንዲት ብቻ። ሌላዋ ከመስከረም በኋላ ሥራም፣ ማደሪያም የላትም፤ አሠሪና አድራሻ የሌላት ደግሞ ፔርሜሶዋ አይታደስም። የሻረግ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወጣላትም። በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል? እነሆ ሐሙስ መጣ፣ ሲኞራም ከደረታቸው ሳቁ፣ እሷም ቀረች።

ወደ ማታ ስልኩ ጮኸ። ኣስገደት ነበረች፣ ከተርሚኒ።

«ሞተሽ ነው ወይስ ርስትሽ ሄድሽ?»

የሻረግ አፏን በእጇ ከልላ ሁሉንም ነገረቻት።

«ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ?» አለች ኣስገደት። «ልጅቷን እህት ያደረግሻት አንቺ፤ አፍርሺው አንቺ። እንግዳ ናት ስትያቸው እሳቸው ራሳቸው ያስወጧታል። ፈረንጅ ውሸት አይወድም።»

«ግፍ አይሆንም?»

«እውነት መናገር ግፍ ነው እንዴ? የስልኩ ጄቶኔ አለቀብኝ፤ ቻው!»

በማግስቱ ጧት የሻረግ ሲኞራን መስኮት አጠገብ አስቀምጣ ፀጉራቸውን ታበጥር ጀመር። ይህ የሷ ብቻ ሰዓት ነበር። ፀጉራቸው ስስ ነው፤ ራስ ቅላቸው ከሥር እንደ እንቁላል ልስልስ ብሎ ይታያል።

«ሲኞራ፣ ጽጌረዳ እህቴ አይደለችም።»

«ምን አልሽ?»

«የኔ አባት ደብረ ታቦር የሞተ ገበሬ ነው። የሷ አባት ይርጋለም ያለ አስተማሪ ነው። በኛ አገር ሁለተኛው ስም የቤት ስም አይደለም፣ የአባት ስም ነው። ሀብተሚካኤል የሚባል ሰው ብዙ ነው። መንገድ ላይ ነው ያገኘኋት። ከምን ሸሽታ እንደመጣች አላውቅም።»

የመጨረሻው ውሸት ነበር። የወንድሟን አስከሬን ማን እንዳነሣው ሳይቀር ታውቃለች።

ሲኞራ ራሳቸውን ከማበጠሪያው ሥር አወጡ። «ይህን ሁሉ ወር እህትሽ ስላት ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ነገርሽኝ?»

የሻረግ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር።

«ማድሬ ሬጂና አንዲት ረዳት ብቻ ነው የሚቀበሉኝ» አሉ ሲኞራ። «ያቺ አንቺ ነሽ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? ልጅቷ አጥባኝ ታውቃለች? ስታመም የማቃስተው በየትኛው ጎኔ እንደሆነ ታውቃለች? ግን የመነኮሳይቱ ቤት ለረዳቷ የቅርብ ዘመድ እዚያው ክፍሏ ውስጥ አልጋ ይፈቅዳል። ካርሎን ያመላለስኩት ለዚህ ነው። እህትማማቾች ናቸው ብዬ ልጽፍላቸው ነበር። አሁን ግን ሰማሁ። ዋትሊንግ ሐሰት መሆኑን እያወቀ አይፈርምም።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ራሳቸው የተናገሩትን ራሳቸው ያላመኑት ይመስል። ከዚያ «ሶሬላን… ልጅቷን ጥሪልኝ» አሉ።

በሩ ተዘጋ። በዚያ ቀን ከሳሎኑ ሳቅ አልተሰማም።

ጽጌረዳ ስትወጣ አላለቀሰችም። ገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብሷን አውርዳ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አጣጥፋ ትከምር ጀመር። የሻረግ ጀርባዋን ሰጥታት ምስር ትለቅማለች።

«እስከ መስከረም ጊዜ አለ» አለች የሻረግ።

«አለ። ግን ቀደም ብዬ ብፈልግ ይሻላል።»

«ተቀየምሽኝ?»

«እውነቱን ነው የነገሯቸው፣ እትዬ። እኔ ነበርኩ መናገር የነበረብኝ። እህት ሲሉኝ ደስ ስለሚለኝ ዝም አልኩ።»

የሻረግ የለቀመችውን ምስር ካልተለቀመው ጋር ደባለቀችው። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

«ለመሆኑ» አለች በመጨረሻ፣ ወራት የያዘችውን፣ «በር ዘግታችሁ የምታነቡት ምን ቢጣፍጥ ነው?»

ጽጌረዳ ሸሚዟን እንደያዘች ቆመች። «ምኑ ይጣፍጣል? የቤቱ ባሪያዎች መዝገብ ነው። የሰው ስም ብቻ። ሳም፣ ፈረስ ጠባቂ። ሃና፣ ወጥ ቤት። ጁዲት፣ ፈታይ። አባት የላቸውም፤ ስማቸው ቢጠየቅ ሁሉም ዋትሊንግ ነው የሚባሉት፣ በጌታቸው ስም። አሥር ጊዜ አነበብኩላቸው። የሚፈልጉት ጁዲትን ነው።»

«ጁዲት ማናት?»

«የኮሎኔሉ ልጅ። ከአንዲት ባሪያ የወለዷት። የሲኞራ አያት በጆሯቸው የነገሯቸው ነው፤ ወረቀቱ ግን ፈታይ ብቻ ነው የሚላት። ሳጥኑ ከመሄዱ በፊት አንድ ቦታ የተጻፈ ካለ ብለው ነው እንጂ… የለም።»

«ታዲያ ትናንት ያ ሁሉ ሳቅ?»

«በኔ እንግሊዝኛ ነዋ! እንደ ጳጳስ ነው የምታነቢው ይሉኛል።»

የሻረግ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ኮሎኔሉን፣ በየቅዳሜው የምትሳለማቸውን ሰውዬ፣ አሰበች። እያፏጩ ሜዳውን የሚያቋርጡትን አሰበች፤ እሷ ራሷ እዚያ ቤት ብትገኝ ትሪ ይዛ የምትሄደው በየትኛው መንገድ እንደነበር አሁን ገና ገባት። ማፈር ይገባት ነበር፤ አፍራለችም። ከዕፍረቱ ሥር ግን አሁንም ያ የቅናት ትል ይንቀሳቀስ ነበር። የጁዲትን ነገር ለልጅቷ ነገሯት። ለኔ አልነገሩኝም።

የሚቀጥለው ሐሙስ የሻረግ የራሷንና የጽጌረዳን ፔርሜሶ ይዛ ወጣች፤ አውቶቡሱ ግን ወደ ተርሚኒ የሚሄደው አልነበረም። ጃኒኮሎ ስትደርስ ጉልበቷን ሁለት ጊዜ አሳርፋ ነው አቀበቱን የጨረሰችው። ማድሬ ሬጂና ጠረጴዛቸው ላይ ቅጽ ዘርግተው ጠበቋት። ወፍራም፣ ጢም ቢጤ ያላቸው፣ ቀልድ የማያውቁ የሚመስሉ ሴት ናቸው።

«ከሲኞራ ዋትሊንግ ጋር የምትገቢው አንቺ ነሽ። ዘመድ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ምንሽ ናት?»

መነኩሲትን መዋሸት ለሻረግ ቀላል አልነበረም። «ሶሬላ» አለች።

ማድሬ ሁለቱን ፔርሜሶ አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ተመለከቱ። ሀብተሚካኤል፣ ሀብተሚካኤል። ከዚያ ሁለቱን ፎቶግራፎች አዩ፤ የሻረግ ሰፊና ቀይ ዳማ፣ ጽጌረዳ ቀጭንና ጠይም።

«አትመሳሰሉም።»

«እናታችን አንድ አይደለችም።»

«የት ነው የተወለደችው? ይር… ይርጋለም? አንቺስ? ሩቅ ነው?»

«በጣም ሩቅ ነው ማድሬ። የአራት የአምስት ቀን መንገድ ይሆናል።»

ማድሬ ሬጂና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «አይ ወንዶች!» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «የናንተዎቹም እንደኛዎቹ ናቸው ለካ። ምስኪን እናትሽ!» ቅጹንም አዙረው ሰጧት።

የሻረግ እናቷን በልቧ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም የማይሄዱ የነበሩትን አባቷን ደግሞ ይበልጥ። ፊርማዋን አራት ፊደል አድርጋ ጻፈች።

ቤት ስትመለስ ሲኞራ ለብቻቸው ነበሩ። ሳጥኑ ተዘግቷል።

«ማድሬ ጋ ሄጄ ነበር» አለች። «ፈረምኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«የአባቴ ልጅ ናት ብዬ።»

ሲኞራ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም» አሉ። «አርጅቻለሁ፤ ያየሁትም የለም።»

የሻረግ መሄድ ነበረባት፤ ቆመች። «ስለ ጁዲት ለኔ ለምን አልነገሩኝም? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቤት ነገሩኝ፤ ፈረሶቹን ሳይቀር በየቀለማቸው። ለልጅቷ ነገሯት።»

መንገድ ላይ አንድ ቬስፓ እየጮኸ አለፈ፤ ሲኞራ እስኪርቅ ጠበቁ።

«ልጅቷ ቤቴን ወዳው አታውቅም» አሉ። «አንቺ ትወጂዋለሽ። እኔም ስወደው የኖርኩት አንቺ በምትወጂው ዓይነት ነበር። ያንን ከአፌ እንድትሰሚ አልፈለግሁም።»

ዱሮም ሆነ በኋላ ያን ያህል የሚያስደስት ያን ያህል የሚያምም ነገር ለሻረግ የነገራት ሰው የለም። ወጥ ቤት ገብታ ውኃ ከፈተችና ሳትጠጣ ዘጋችው።

በዚያው ሳምንት ሳጥኑ ለማኅበሩ ሲላክ ሲኞራ አንድ ወረቀት አስጨመሩበት። እሳቸው አሉ፣ ጽጌረዳ ጻፈች፣ የሻረግም ቆማ ሰማች፤ በሩ ክፍት ነበር። ጁዲት፣ የጆሳያ ዋትሊንግ ልጅ፣ ይላል። ከዚያ ሌላ የሚሉት ስለሌላቸው እዚያው ፈረሙ።

በመስከረም ጃኒኮሎ ገቡ። ለረዳቶቹ የተሰጠው ክፍል ጠባብ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ከተማውን ሁሉ ቁልቁል የሚያሳይ አንድ መስኮት። ጽጌረዳ ሻንጣዋን እንደያዘች በር ላይ ቆመች።

«የመስኮቱ አልጋ የኔ ነው» አለች የሻረግ። «ታላቅ ነኝ።»

«እሺ እትዬ።»

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ የላይኛው መደርደሪያም የኔ ነው። ፀጉራቸውን የማበጥር እኔ ነኝ። የገላ ነገር አንቺን አይመለከትሽም።»

«እሺ።»

«ንባብሽን አንብቢ። በሩ ግን አይዘጋም።»

«ኮሪዶሩ ቢነፍስስ?» አለች ጽጌረዳ፣ ሳቋን አፍና።

«ይንፈስ! ጥርስሽን አታግጥጪብኝ፣ ሻንጣሽን አስገቢ።»

ልጅቷ በበሩ በኩል ያለው አልጋ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ እንደጀመረች፣ ከሚቀጥለው ክፍል የሲኞራ ድምፅ መጣ።

«ጽጌረዳ!»

ጽጌረዳ አንድ እግሯን በጫማ፣ አንዱን በባዶ አድርጋ ቀና አለች። የሻረግ ግን ጉልበቷን በሁለት እጇ ገፍታ ተነሥታ፣ በልጅቷ አልጋ አጠገብ አልፋ፣ ኮሪዶሩ ላይ ወጥታለች።

«አቤት ሲኞራ!» አለች። «መጣሁ።»